ዝግባ ብቻውን ዘር አይሰጥም

ሎስ አንጀለስ ወይም ሳንታ ሞኒካ የምትኖሩ ወገኖች ሳታውቁት በዝግባ ጥላ ሥር ታልፉ ይሆናል። የካሊፎርኒያ ችግኝ ሻጮች «ፈርን ፓይን» ወይም «ፖዶካርፐስ ግራሲሊዮር» እያሉ የሚሸጡት፣ በእግረኛ መንገድ ዳር የቆመው፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ እየከረከመ አጥር ያደረገው ለምለም ዛፍ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተክል ነው። የኢትዮጵያን ዕፅዋት ያጠኑ ሊቃውንት ከእኛው ዝግባ ለይተው አያዩትም። እነሱ የሚሰጡት የአሁኑ ሳይንሳዊ ስሙ አፍሮካርፐስ ፋልካተስ ሲሆን በኦሮምኛ ብርብርሳ ይባላል። በሙኔሳ ጫካና በየገዳማቱ ቅጥር የምናውቀው ያው ዛፍ ነው።

ይህ ጽሑፍ በምትኖሩበት አገር ዝግባን ከዘር ማብቀልና ዘሩን መከፋፈል ለምትፈልጉ ነው። ዘር ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ስሙን አጣሩ። መጽሐፍ ቅዱሳችን «የሊባኖስ ዝግባ» የሚለው ዛፍ ሌላ ነው፤ «ሴዳር» ብላችሁ ዘር ብታዝዙ እሱ ወይም አንድ ዘመዱ ይደርሳችኋል። የእኛን ጥድም ፈረንጆች ሴዳር ይሉታል፣ እሱም ዝግባ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ከዝግባው ጎን ለጎን የሚተከል ፖዶካርፐስ ማክሮፊለስ የሚባል የእስያ ዘመድ አለ። ቅጠሉ ረዘም ያለ ነው፤ ዘሩም ወይን ጠጅ በሚመስል ለስላሳ እግር ላይ ይቀመጣል። የዝግባ ቅጠል አጭርና ቀጭን ነው፤ ዘሩ እግር የለውም፣ ዙሪያውን በሥጋ ተሸፍኖ ትንሽ ሎሚ ይመስላል። ሲበስል አረንጓዴው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ወርዱም ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ዝግባ ወንድና ሴት ዛፍ አለው። ወንዱ በቅጠሉ ብብት ላይ ጭራ የሚመስሉ ትናንሽ የብናኝ ዘለላዎች ያወጣል፣ ሴቷ ፍሬ ትይዛለች። በአካባቢው ወንድ ከሌለ የሴቷ ፍሬ ባዶውን ይቀራል። ከዘር የበቀለ ችግኝ ወንድ ይሁን ሴት የሚታወቀው ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ሲያብብ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በጓሮው አንድ ዝግባ ተክሎ «አገሬን ተከልኩ» ቢል ጥላውን ያገኛል፣ ዘር ግን አያገኝም። ዘር መከፋፈል ለዝግባ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ወንድና ሴት እኩል ይበቅላሉ ብለን ብናሰላ፣ አራት ችግኝ አንድ ላይ ያቆመ ሰው ሁለቱንም ጾታ የማግኘት ዕድሉ ከስምንት ሰባት ነው። ስድስት ከሆኑ ከ32 ውስጥ 31 ይደርሳል። ለአንድ ሰው ዘር ስትሰጡ ቢያንስ 15 ፍሬ ስጡ የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው፤ ሁሉም አይበቅልምና።

ለመልቀም በጣም ጥሩው ጊዜ ፍሬው በራሱ መውደቅ ሲጀምር ነው። ከመንገድ የወደቀውን ልቀሙ፤ ዛፉ በሰው ግቢ ከሆነ ባለቤቱን ጠይቁ። መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ያለበትን ጣሉት፣ ነፍሳት ገብተውበታል። ቀሪውን አንድ ወይም ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉ፤ ውኃውን በየቀኑ ቀይሩ። ከዚያ በሽቦ ወንፊት ላይ ከአሸዋ ጋር እያሻችሁ ሥጋውን አስለቅቁ። ሥጋው ሙጫ ስላለው እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ጓንት አድርጉ። ሥጋው ላዩ ላይ ከቀረ ሻጋታው ከዚያ ይነሣል።

ብዙ ሰው ዘሩን ውኃ ላይ ጥሎ የተንሳፈፈውን ይደፋል። ለባቄላ ይሠራል፤ ለዝግባ ግን አናምነውም፣ ወፍራሙ ቅርፊት በውስጡ አየር ሊይዝ ይችላልና። የተሻለው ከለቀማችሁት ውስጥ አሥር ፍሬ ሠውቶ መስበር ነው። አስኳሉ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ የሆነ፣ የተጨማደደ ወይም ጨርሶ የሌለ ከሆነ ሞቷል ወይም ወንድ አላገኘም። ከአሥሩ ሰባቱ ባዶ ከሆኑ ሌላ ዛፍ ፈልጉ፤ ያንን ዘር ለሰው አትላኩ።

ከዚያ በኋላ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ማድረቅ ነው። እህል ሲቀመጥ እያየን ስላደግን ዘር ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ደርቆ የሚቀመጥ ይመስለናል። የዝግባ ዘር ሲደርቅ ይሞታል። ካጸዳችሁት በኋላ በእጅ ሲጨመቅ ውኃ በማያንጠባጥብ እርጥብ ቨርሚኩላይት (ውኃ የሚይዝ ቀላል የችግኝ ማዕድን) ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ጠቅልላችሁ፣ ጥቂት ቀዳዳ ባለው ፌስታል አድርጋችሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ የአትክልት መሳቢያው ላይ አስቀምጡ። በረዶ ቤት ፈጽሞ አይግባ። ወራት ከማስቀመጥ ግን በሳምንታት ውስጥ መዝራት ይሻላል። ኢንተርኔት ላይ «ደረቅ የፖዶካርፐስ ዘር» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ቀጥሎ ቅርፊቱ። ወፍጮ የሚያቆም እንጨት ነው ማለት ይቻላል። ሳይነካ ከተዘራ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ፖቱን የሚደፋው በዚህ ጊዜ ነው። የአገር በቀል ዛፎችን አበቃቀል ለረጅም ዓመታት ያጠኑት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ለገሠ ነጋሽም በዝግባ ላይ ሲሠሩ ቅርፊቱን ማንሣት መብቀሉን እንደሚያፋጥን አሳይተዋል። ቤት ውስጥ የሚሆነው መንገድ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ዘሩን አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በተቀላቀለበት ለአሥር ደቂቃ አቆይታችሁ በደንብ እጠቡ። ይህ ከመስበሩ በፊት ይሁን፤ በረኪናው አስኳሉን ካገኘ ይጎዳዋል። ከዚያ ዘሩን በሞርሳ ያዙና «ቀጭ» የሚል ድምፅ እስክትሰሙ ድረስ በጣም ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። አንድ ስንጥቅ ይበቃል። መዶሻ አትጠቀሙ፣ አስኳሉን ያደቀዋል። ሞርሳ የሌለው በአንድ ጎን ነጩ እስኪታይ ድረስ በሞረድ ይሞርደው። ቅርፊቱን ሙሉ በሙሉ ማውለቅ በንጹሕ ላቦራቶሪ ይሠራል፤ በጓሮ አፈር ላይ ግን እርቃኑን የቀረ አስኳል ሳይበቅል ይበሰብሳል። የተሰነጠቀውን ለ24 ሰዓት ክፍል ሙቀት ባለው ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ግማሹን ሰንጥቁ፣ ግማሹን እንዳለ ዝሩ፤ እጃችሁ ከበደም አልከበደም አንዱ ወገን ይተርፋል።

አፈሩ የኮኮናት ገለባና ፐርላይት (ውኃ የሚያሳልፍ ነጭ ቀላል የችግኝ ጠጠር) እኩል ለእኩል ይሁን፤ ፐርላይት ካልተገኘ ጠጠር ያለበት አሸዋ ይተካዋል። ዘሩን በጎኑ አጋድማችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩት። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት ከ68 እስከ 77 ይሁን። ቦታ የጠበበበት ሰው በሚቆለፍ ፌስታል ውስጥ ከእርጥብ ቨርሚኩላይት ጋር አድርጎ በየሳምንቱ ከፍቶ ማየት ይችላል። የሻገተውን አውጥቶ፣ ሥር ያወጣውን ሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ ወደ ፖት ያዛውራል። የተሰነጠቀ ዘር ከአንድ ወር ገደማ ጀምሮ ብቅ ሊል ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጣም፣ ሦስትና አራት ወር ይጎተታል። ቅርፊቱን ራሱ ላይ ተሸክሞ የወጣ ችግኝ ካያችሁ ውኃ እየረጫችሁ አለስልሱለት እንጂ አትጎትቱ፤ ከቅርፊቱ ጋር እምቡጡ ይቆረጣል።

ችግኙ ከበቀለ በኋላ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከፍቅር ብዛት ነው፦ ውኃ። ግንዱ በአፈሩ ልክ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ ይወድቃል። ላዩ ደረቅ ሲል አጠጡ፤ አየር ይንቀሳቀስበት። ፖቱ ሰፊ ሳይሆን ጥልቅ፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሥሩ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ በአጭር ፖት ውስጥ ይጠመዘዛል። ሲዛወር ሥሩ ላይ ትናንሽ ክብ እብጠቶች ታያላችሁ። በሽታ መስሏቸው ችግኙን የጣሉ ሰዎች አሉ፤ የዝግባ ወገን ተፈጥሮ ናቸው፣ ሥሩ ከጠቃሚ ፈንገስ ጋር ይኖራል። ጤነኛ ትልቅ ዛፍ በአጠገባችሁ ካለ ከሥሩ አንድ እፍኝ አፈር ወስዶ መቀላቀል ይረዳል። አፈር ድንበር ማሻገር ግን ክልክል ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ከስንዝር ብዙም አይዘልም። ግማሽ ጥላ ስጡት፤ ማዳበሪያም ከተጻፈው ግማሹን ብቻ። ሚኒሶታና ዋሽንግተን ላላችሁ ዝግባ የፖት ተክል ነው፤ በጋ ውጭ፣ ክረምት ውስጥ። የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቅ ከራዲያተር አርቁት፣ ብርሃን ባለው ቀዝቀዝ ያለ ክፍል አቆዩት፣ ውኃውንም ቀንሱለት። እስራኤል ውስጥ ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ብረት ያለው ማዳበሪያና አሲድነት ያለው አፈር ይፈልጋል። የባሕረ ሰላጤው በጋና ጨዋማ ውኃ ግን ለደጋ ዛፍ አይሆንም፣ እዚያ ያላችሁ ባትደክሙበት ይሻላል።

ወይራም በዚሁ መንገድ ቅርፊቱን በመክፈት ይበቅላል። ነገር ግን የእኛ ወይራ ሃዋይና አውስትራሊያ ውስጥ ጫካውን የሚወርር አረም ሆኗል፤ እዚያ ያላችሁ አትትከሉት፣ ዘሩንም አትላኩ።

ከአገር ቤት በሻንጣ ማምጣትን በተመለከተ በግልጽ እንናገር። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለ ፈቃድ የጄኔቲክ ሀብት ከኢትዮጵያ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ጉዳዩ የሚታየው በኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 14 ቀን 2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ለሚተከል ዘር ሁሉ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። አሜሪካ ላልተከለከሉ ዝርያዎች በፎርም 587 የአነስተኛ ዘር ፈቃድ ትሰጣለች፦ በአንድ ፓኬት ከ50 ፍሬ ወይም ከ10 ግራም ያልበለጠ፣ ከአፈርና ከሥጋ የጸዳ፣ የመጣበት አገርና ሳይንሳዊ ስሙ የተጻፈበት። የዝግባ ፍሬ ስለሚከብድ ግራሙ ከቁጥሩ ቀድሞ ይሞላል። ይህን ሁሉ ከመሮጥ በፊት ግን በምትኖሩበት አገር ቀድሞ የቆመ ዛፍ መኖሩን አጣሩ።

በአንድ አገር ውስጥ ስትላላኩ የጸዳውን ዘር ሳትሰነጥቁ በእርጥብ የወጥ ቤት ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ፣ በትንሽ ካርቶን ላኩ። ስስ ፖስታ የፖስታ ቤቱ ማሽን ውስጥ ሲያልፍ ይጨፈለቃል። ተቀባዩ በደረሰው ቀን ይክፈተው።

የት ይተከል? በኪራይ ቤት መሬት ላይ አይሆንም፤ ዛፉ አሥራ አምስት ሜትር ሳይደርስ እናንተ ሦስቴ ትዛወራላችሁ። የራሱ መሬት ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ውርጭ በማይበረታበት አካባቢ፣ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በአገራችንም ዝግባን ጠብቆ ያቆየው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ከሕንፃና ከፍሳሽ ቧንቧ ቢያንስ አሥር ሜትር አርቁት። ከአንድ እናት የመጡትን ብቻ ሳይሆን ከሁለት ሦስት ዛፍ የተለቀሙትን ቀላቅላችሁ ትከሉ። በእያንዳንዱ ፓኬትና ፖት ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በአንድ በጋ ይጠፋል፦ «ዝግባ። እናት ዛፍ፦ ሳንታ ሞኒካ፣ ቁጥር 2። የተለቀመበት ቀን። የተሰነጠቀበት ቀን። የበቀለበት ቀን። ጾታ፦» የመጨረሻውን ክፍት ተዉት፤ ዛፉ ሲያብብ የሚሞላው ሌላ ሰው ይሆናል።