ኮኔክት ፎርን በቆጠራ መጫወት የጀመርኩት እንዴት ነው

የኮኔክት ፎር ሕግ ለልጅም ቢሆን በአንድ ደቂቃ ይነገራል። ሰሌዳው የቆመ ነው፤ ሰባት ዓምድና ስድስት ረድፍ፣ በድምሩ 42 ቀዳዳ አለው። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ጠጠር ከላይ ይጥላሉ፤ ጠጠሩ ወርዶ ከሥር ባገኘው ባዶ ቦታ ያርፋል። ወደ ጎን፣ ወደ ላይ ወይም በሰያፍ አራት ቀድሞ የደረደረ ያሸንፋል። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ጓደኛዬ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር። ማታ ከሥራ በኋላ በስልክ ተገናኝተን እንጫወታለን፤ እሱ ሲተኛ ወይም ኔትወርክ ሲከዳን ከኮምፒውተሩ ጋር እቀጥላለሁ።

ዝቅተኛውን ደረጃ መርታት አይከብድም። እዚያ ላይ ኮምፒውተሩ የሚያየው ጥቂት እርምጃ ወደፊት ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት የማሸነፊያ ቦታ በአንዴ ከከፈትኩበት አንዱን ሲዘጋ በሌላው እጨርሳለሁ። ከፍተኛው ደረጃ ግን ወጥመዱን ገና ሳልዘረጋው ያየዋል። ከእሱ ጋር ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ ያስፈልጋል።

ያንን አስተሳሰብ ያስጀመሩኝ የጓደኛዬ አባት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በቆርኪ ዳማ የተጫወቱ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ደሴ ወጥቼ ቤታቸው ቡና ተፈልቶ፣ እኔና ልጃቸው በአንድ ስልክ ስንጫወት ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና «ልጆቼ፣ ሰሌዳው ሊሞላ ሲል ሳይወድ በግዱ የሚጥለው ማነው?» ብለው ጠየቁን። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም። ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሳስበው የነበረው ይህንኑ ነው። ቤት እንደገባሁ ባለ ካሬ ደብተር አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ።

መልሱ ከረድፉ ቁጥር ይመጣል። እኔ ጀማሪ ነኝ፣ ማለትም መጀመሪያ የምጥለው እኔ ነኝ እንበል፤ በአንድ ዓምድ ከታች ሲቆጠር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጠጠር ቢያርፍልኝ አራት ይሞላልኛል፣ የዚያ ዓምድ ሥር ግን ገና ባዶ ነው። የቀሩት ስድስት ዓምዶች 36 ቦታ አላቸው፤ ጥንድ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ሲሞሉ ተራው የእኔ ይሆናል። በዚያ ዓምድ አንደኛው ላይ እጥላለሁ፣ ተጋጣሚዬ ሌላ ቦታ ስለሌለው ሁለተኛው ላይ ይጥላል፣ እኔ ሦስተኛው ላይ ጨርሼ እነሣለሁ። ሁለተኛ የሚጫወተው ሰው በተቃራኒው ጥንድ ረድፍ ላይ፣ ሁለተኛ ወይም አራተኛ ላይ፣ የሚጠብቀው ቦታ ካለው ያው ቆጠራ ለእሱ ይሠራል። ለጀማሪ ጎዶሎ፣ ለተከታይ ጥንድ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሦስት ጠጠር አየሁ ብዬ አልቸኩልም፤ መጀመሪያ የማየው ባዶው ቦታ ስንተኛ ረድፍ ላይ እንደሆነ ነው።

ሁለተኛ ስጫወት የምወደው ዘዴ ከዚሁ ይወጣል። ተጋጣሚዬ በጣለበት ዓምድ፣ ልክ በላዩ እጥላለሁ። ዓምዱ ስድስት ቦታ ስላለው ጥንድ ረድፎች ሁሉ የእኔ ይሆናሉ። እሱ ወደ ላይ አራት ሊደረድር አይችልም፤ በሰያፍም አይችልም፣ ማንኛውም ሰያፍ ጥንድ ረድፍ ያቋርጣልና። የሚቀረው በአንደኛ፣ በሦስተኛና በአምስተኛ ረድፍ ወደ ጎን መሄድ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ይህ ዘዴ ዓይን ተጨፍኖ የማይሠራው። ታችኛው ረድፍ ላይ ሁለት ጎን ለጎን ካስቀመጠና ግራ ቀኙ ክፍት ከሆነ ወዲያው መከታተሉን ትቼ እዘጋለሁ።

መካከለኛው ዓምድስ ለምን ይወደዳል? በሰሌዳው ላይ 69 የማሸነፊያ መስመሮች አሉ። የማዕዘን ቦታ በሦስቱ ብቻ ውስጥ ሲገባ፣ የመካከለኛው ዓምድ ሦስተኛ ረድፍ በ13ቱ ውስጥ ይገባል። ጨዋታው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1988 ሙሉ በሙሉ ተፈትቷል፣ ማለትም ሁለቱም ካልተሳሳቱ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ታውቋል፤ ጨዋታውን በኮምፒውተር ያጠኑት ጄምስ አለንና ቪክቶር አሊስ ሳይነጋገሩ፣ በአንድ ወር፣ በኦክቶበር፣ አንድ መልስ ላይ ደረሱ። መካከል የጀመረ፣ ካልተሳሳተ፣ ያሸንፋል። ከመካከሉ አጠገብ ካሉት ዓምዶች በአንዱ ከጀመረ ሁለቱም ሳይሳሳቱ እኩል ይወጣሉ። ወደ ዳር ካሉት ከአራቱ በአንዱ ከጀመረ ግን ዕድሉን ለተከታዩ አሳልፎ ሰጠ። ስለዚህ ሁሉን የሚያሰላ ኮምፒውተር መካከል ከጀመረብህ ጨዋታውን መማሪያ አድርገው እንጂ ማሸነፍን አትጠብቅ። ለመርታት ከፈለግህ ጀማሪነቱን አንተ ውሰድ።

ለመማር ትልቁን ጥቅም የሰጠኝ እርምጃ መመለሻው ቁልፍ ነው። ከጓደኛ ጋር እርምጃ መመለስ ነውር ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር ግን ትምህርት ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ኋላ እየመለስኩ ነገሩ የተበላሸበትን ጠጠር እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው ከመጨረሻው በጣም ርቆ፣ ማንም አደጋ ባላየበት ቦታ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር አሁን ተስማምተን መካከል መጀመር ትተናል፤ ጀማሪው ሁልጊዜ ሦስተኛውን ዓምድ ይይዛል። ጨዋታው ረዘመ፣ ብዙ ጊዜም ሰሌዳው ሞልቶ እኩል እንወጣለን። «አብሽር፣ ነገ እናየዋለን» ይለኛል ከመተኛቱ በፊት። ሰሞኑን ደግሞ ከዳር እንጀምር የሚል ሐሳብ አምጥቷል። በስሌቱ ተከታዩ ማሸነፍ አለበት፤ እንዴት እንደሚያሸንፍ ግን በቃል የሚያዝ መንገድ አይደለም፣ ደብተሬ ላይ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየሣልኩት ነው።