ተራኪው ከማን ጋር ቆመ?

የምሠራው በአንድ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ በአርታኢነት ነው። አንዲት ወጣት የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ረቂቅ ይዛልን መጣች። ወጣቶቹ «ዳርክ ሮማንስ» የሚሉት፣ ጨለማ ያጠላበት የፍቅር ታሪክ ዓይነት ነው። አንድ ባለጸጋ አንዲትን ልጅ ጠልፎ ግቢው ውስጥ ይዘጋባታል፤ ስልኳንና መታወቂያዋን ይቀማታል፤ አዲስ ስም ያወጣላታል። ልጅቷ ትጠላዋለች፣ እያደር ትወደዋለች። በመጨረሻ ሽማግሌ ተልኮ ሠርግ ይደገሳል። ብዕሯ ይስባል፤ ማታ የጀመርኩትን ሳላስቀምጥ ነው ያነጋሁት።

ረቂቁ ወደ እርማት ክፍል ሄደ። እዚያ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው አንጋፋ አራሚ አሉ። ነጠላ ሰረዝ እንኳ አታመልጣቸውም። አንድ ቀን ረቂቁን ታቅፈው ቢሮዬ መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ይኼን ልጨርሰው አልቻልኩም» አሉኝ።

ምነው ስላቸው ገጾቹን ይገልጡልኝ ጀመር። የልጅቷ የገዛ ስሟ በተጻፈበት ሁሉ በእርሳስ አስምረውበታል። መጀመሪያ አካባቢ ገጹ ሁሉ መስመር በመስመር ነው። ጠላፊው አዲሱን ስም ካወጣላት ወዲህ መስመሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከመጽሐፉ እኩሌታ በኋላ ጭራሽ የለም።

«እሱስ በፈለገው ስም ይጥራት፣ ጠላፊ ነው። ተራኪው ምን ነክቶት ነው እሱ ባወጣላት ስም የሚጠራት?»

በዚህ ሥራ ላይ እስካለሁ ድረስ ስለ አንድ ረቂቅ ከዚህ የጠለቀ አስተያየት አልሰማሁም። ጠላፊው ጨካኝ መሆኑ የታሪኩ ጉዳይ ነው፤ የሚያስፈራው ተራኪው ሳይታወቀው በሩን ከውጭ መቆለፉ ነው። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ስትናደድ «አኮረፈች» ይባላል፤ ሲያስፈራራት «ቅናቱ ገነፈለ» ይባላል። ናፍቆቷን፣ መውጫ ስትፈልግ ማደሯን የሚነግረን የለም።

ደራሲዋን ጠርተን ሦስት ሆነን ተቀመጥን። ፊቷ ቀላ።

«ጋሼ፣ ጨለማ እንዲሆን ብዬ እኮ ነው የጻፍኩት። አንባቢውም የሚወደው ይኼንኑ ነው» አለች።

ጨለማውን ንኪ አላልኳትም። ንጹሕ ንጹሑን ብቻ የሚጽፍ ሰው ስለ ሰው ልጅ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አነሳሁላት። ሰብለ ወንጌል በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የታፈነች ልጅ ናት፤ ፍጻሜውም ከዚህ ረቂቅ ይልቅ የከፋ ነው። ግን በመነኩሴ ልብስ ማንነቷን ሸሽጋ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ፣ መሸሸጊያውን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ደራሲውም አብሯት ይሄዳል። የዚህችኛዋን ግን ስሟን የቀየረባት ሌላ ሰው ነው። እሷም ሳትፈቅድ ቀርታ ተራኪው ፈቀደላት።

እቴቴን የባሰ ያንገበገባቸው ግን መጨረሻው ላይ ያለው ሠርግ ነበር። ያደጉት ጠለፋ በሽማግሌ እርቅ በሚያልቅበት ዘመን ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ የተጠለፈችው ፈቅዳ ጠላፊዋን በሕግ ካገባች ክስ ይቀርለት ነበር። ቤት ተዘግቶባት የሰነበተች፣ ወሬዋ በአገር የተሰማባት ልጅ «እሺ» ስትል የምን ፈቃድ ነው? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው፤ በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም።

«ሕጉ የሻረውን አንቺ በድግስ መለስሽው፣ ልጄ» አሏት እቴቴ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ልጅቷ ረቂቁን ወደ ራሷ ስባ ዝም ብላ የእርሳሱን መስመሮች ታይ ጀመር።

ስትመለስ ብዙውን እንደ አዲስ ጽፋው ነበር። ጠላፊው አሁንም በአዲሱ ስም ይጠራታል፤ ተራኪው ግን አንዴም አልተከተለውም። ቀድሞ ያልነበረ አንድ ምዕራፍም ገብቷል፦ ልጅቷ ከምድጃው ከሰል አንስታ፣ ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባ የምታውቃቸውን ሰዎች ስልክ ቁጥር እንዳትረሳ ትጽፋለች፤ አንደኛው ቁጥር ላይ የመጨረሻዋ አኃዝ ትጠፋባትና ሌሊቱን ሁሉ ስትገምት ታድራለች። ሠርጉ ወጥቷል። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ እሷም አልፈልግም ትላቸዋለች።

ያላስማማን አንድ ነገር ቀረ። ልጅቷ ነጻ ከወጣች በኋላም ሰውዬውን በሕልሟ ታየዋለች፣ ትናፍቀዋለችም። እቴቴ «ይኼ ይውጣ» ብለው ሙጭጭ አሉ። እኔ ይቆይ አልኩ። ያሰራትን ሰው የምትናፍቅ ሴት በእውኑ ዓለም አለች፤ ናፍቆቷ ግን ሰውዬውን ነጻ የሚያወጣው አይደለም፣ ጉዳቱ የት ድረስ እንደዘለቀ የሚያሳየን እንጂ። ክፍሉ እንዳለ ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ። እቴቴ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም።