ሃይም ውስጥ ያየሁት አታክ ኦን ታይታን

ጀርመን፣ ባየርን ውስጥ በነበርኩበት ሃይም (የጥገኝነት ጠያቂዎች መኖሪያ) ዋይፋይ የሚይዘው ደረጃው ላይ ብቻ ነበር። ማታ ማታ ሁሉም ስልኩን ይዞ እዚያ ይኮለኮላል። እኔ ከቤተሰብ ጋር አወራለሁ፤ አንድ የአፍጋኒስታን ልጅ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ፊልም ያያል። አንድ ቀን ዓይኔ ስልኩ ላይ አረፈ። ራቁቱን የሆነ ግዙፍ ፍጡር አንዲት እናት አንስቶ ይበላታል። ልጇ እያየ። "ይሄ የልጆች ካርቱን ነው እንዴ?" አልኩት። ሳቀና አንደኛውን የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝ።

አታክ ኦን ታይታን ነበር። ሐጂሜ ኢሳያማ የተባለ ጃፓናዊ ከ2009 እስከ 2021 (እ.ኤ.አ.) የሳለው ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ነው። አኒሜው (የካርቱን ተከታታይ ፊልሙ) በ2013 ጀመረ። መነሻው ቀላል ነው፦ ሰዎች 50 ሜትር በሚረዝሙ ሦስት ግንቦች ተከልለው ከመቶ ዓመት በላይ በሰላም ይኖራሉ። አንድ ቀን 60 ሜትር የሚሆን ታይታን፣ ሰው የሚበላ ግዙፍ ፍጡር፣ ከግንቡ በላይ ብቅ ይላል። በሩን በእርግጫ ይበረቅሰዋል። የቀሩት ታይታኖች በቀዳዳው ይጎርፋሉ። ቤቶቹም ስሞቹም ጀርመን ጀርመን ይላሉ፤ በመስኮታችን የሚታየው መንደር ቁርጥ እሱን ነበር።

ታይታኖቹ የሚያስፈሩት ስለሚያገሱ አይደለም። ብዙዎቹ ፈገግ ይላሉ። ሰው የሚበሉት ርቧቸው አይደለም፤ ምግብ አያስፈልጋቸውም፣ ሆዳቸው ሲሞላ መልሰው ይተፉታል። አይጠሉህም። ብትለምናቸውም አይሰሙህም። ኢሳያማ ራሱ እንደተናገረው፣ ኢንተርኔት ካፌ ሲሠራ አንድ የሰከረ ደንበኛ ኮሌታውን አንቆት ነበር፤ ልታነጋግረው የማትችለው ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያኔ ገባው። እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚመጣበት ቢጫው ፖስታ ነው። ጀርመን ጥገኝነት ጠይቃችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሦስት ገጽ ሙሉ ጀርመንኛ፣ ማኅተም፣ ቁጥር። የጻፈውን ሰው አታየውም፣ ልታስረዳው አትችልም። እንዳለ ይዘኸው የሚያነብልህ ሰው ፍለጋ ትሮጣለህ።

ውጊያው ደግሞ ሌላ ነው። ወታደሮቹ ወገባቸው ላይ በታሰረ ጋዝና ሽቦ ከጣሪያ ጣሪያ ይወረወራሉ፤ ታይታን የሚሞተው ማጅራቱ ሲቆረጥ ብቻ ነው። ስለታቸው ሲደንዝ እየሰበሩ ይቀይሩታል፣ ልክ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እንደምንቀድበት ከተር። ጋዙ ካለቀ ግን ሁሉም ነገር አለቀ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ውጊያ ልብ የሚሰቅለው፤ ጀግና ቢሆንም ጋዝ ያልቅበታል።

እኔን የያዘኝ ግን ውጊያው አይደለም። ሁለተኛው ክፍል ነው። ከፈረሰው ከተማ ያመለጡት ሰዎች ሌላ ከተማ ይደርሳሉ። ስደተኛ ሆኑ ማለት ነው። ዳቦ ሲታደል አንዱ ወታደር ታይታኖቹ ትንሽ ጨምረው ቢበሏቸው ይሻል ነበር ብሎ ያጉረመርማል። ኤረን፣ እናቱ የተበላችበት ልጅ፣ እግሩን ይረግጠዋል። ይደበደባል። ጓደኛው አርሚን ነው ፈጥኖ "ርቦት ነው፣ ይቅርታ" የሚለው። ቆይቶ ኤረን ምጽዋት አልበላም ብሎ ዳቦውን ሲወረውረው፣ አብራቸው ያለችው ልጅ ሚካሳ ታነሳና አፉ ውስጥ በግድ ትጠቀጥቅለታለች። እያለቀሰ ያኝካል።

አፍጋኑ ልጅ እዚህ ላይ ፊልሙን አቆመ። ምንም አላለም። እኔም ስለ ሃይሙ ምግብ መማረሬን ለዚያን ቀን ተውኩት።

ከዓመት በኋላ መንግሥት ምን ያደርጋል መሰላችሁ? እህል አልበቃ ሲለው 250,000 ስደተኛ "መሬታችንን አስመልሱ" ብሎ ወደ ታይታኖቹ ይልካል። የተመለሱት መቶ ገደማ ናቸው። የአርሚን አያትም ሄደው ቀሩ። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚነገረው፤ ሌላ ፊልም ቢሆን ሰፈሩን በሙሉ ያስለቅስበት ነበር። እኛ ሐበሾችስ? ቀድመን ወረቀት ያገኘነው አዲስ የመጣውን "አሁን ደግሞ በዝተዋል" ስንል እሰማለሁ። ወታደሩን ለመውቀስ ብዙም አልቸኩልም።

ከዚህ በኋላ ያላያችሁት ዝለሉ። ከግንቡ ወዲያ ሌላ ሀገር አለ። እዚያ የኤረን ወገኖች ሊቤሪዮ በሚባል ሰፈር ታጉረው፣ ክንዳቸው ላይ ምልክት አስረው ይኖራሉ፤ ያለ ፈቃድ መውጣት ክልክል ነው። እኛም መጀመሪያ ላይ ከተመደብንበት ወረዳ ለመውጣት ፈቃድ እንጠይቅ ስለነበር ተያይተን ሳቅን። እርግጥ የእኛ በምንም አይወዳደርም። ግን ታሪኩ ያን ጊዜ ይገለበጣል። ጠላት ያልከው ልጅም እናት አለው፣ እሱም ስለ ታይታን እየተነገረው ነው ያደገው።

ቅሬታም አለኝ። "የመጨረሻው ሲዝን" ብለው በ2020 ታኅሣሥ ጀምረው የጨረሱት በ2023 ኅዳር ነው። እየቆራረጡ ትዕግሥታችንን አስጨረሱን። መጨረሻው ላይ ኤረን የሚያደርገውን ደግሞ እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም። አፍጋኑ ልጅ አሁን ሐምቡርግ ነው። ሲደውል አሁንም "ምን ምርጫ ነበረው?" ይለኛል። ምርጫማ ነበረው እላለሁ። ከዚያ ካርዳችን እስኪያልቅ እንጨቃጨቃለን።