እንዶድን በደጋ ማድረቅ፦ እስካሁን የደረስኩበት

በመጨረሻ አንድ የእንዶድ ቅርንጫፍ ቅጠሉ ሳይረግፍ፣ ሳይጠቁርና ሳይሻግት ደርቆልኛል። ያውም ደብረ ብርሃን ላይ፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ። ዕፅዋት የምትሰበስቡ ሁሉ ይህ ምን ያህል እንደሚያስደስት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከየት ተነስቼ እዚህ እንደደረስኩ ላካፍላችሁ። በተለይ ስለ ማድረቁ፣ ምክንያቱም ፈተናዬ እሱ ነበር።

አጀማመሬን ላሳጥረው። ዕፅዋት መሰብሰብ የጀመርኩት የዶክተር አክሊሉ ለማን ጥናቶች ማንበብ ከያዝኩ በኋላ ነው። ታሪካቸውን ብዙዎቻችሁ ትሰሙታላችሁ። በ1964 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ተሕዋስ ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣው ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ከዚህ አንድ ምልከታ ተነስተው የዕድሜ ልክ ሥራ ሠሩ። የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። እኛ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ቢልሃርዝያን በቅርብ ስለምናውቀው፣ ለእኔ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ከዚያ ንባቡ ሳላስበው ወደ ኢሚውኖሎጂ፣ ማለትም ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ወደሚያጠናው ሳይንስ፣ ወሰደኝ። እንዶድ ውስጥ ያለው ኃይለኛ ነገር ሳፖኒን ይባላል። የሞለኪውሉ አንድ ወገን ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ወገን ስብ ይወዳል። አረፋ የሚያወጣውም፣ እድፍ የሚያስለቅቀውም ለዚህ ነው። የሴል ሽፋን ውስጥ ካለ ኮሌስትሮል ጋር ተያይዞ ሽፋኑን ይበሳል፤ ቀይ የደም ሴል ላይ ካረፈ ያፈነዳዋል። ቺሌ ውስጥ ደግሞ ኪላያ የሚባል ዛፍ አለ። የአገሩ ሰው ልጡን እንደ ሳሙና ሲጠቀምበት የኖረ ነው። ከዚያ ልጥ የሚወጣ ኪውኤስ-21 የተባለ ሳፖኒን ዛሬ በክትባት ውስጥ ገብቶ የሰውነትን የመከላከል ምላሽ ያበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንዲሰጥ የመከረው የመጀመሪያው የወባ ክትባት ውስጥ አለ። በ2023 የተመከረው ሁለተኛው የወባ ክትባትም ምላሹን የሚያበረታለትን አጋዥ ንጥረ ነገር የሚያገኘው ከዚሁ ዛፍ ሳፖኒኖች ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንዱ የልብስ ማጠቢያ ተክል ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ ሌላው የልብስ ማጠቢያ ተክል ሕፃናትን ከወባ ለመጠበቅ ያግዛል።

ግን ሳፖኒን ሁሉ ክትባት ያግዛል ማለት አይደለም። ወሳኙ የሞለኪውሉ ቅርጽ ነው። ቅርጹ ደግሞ ከዝርያ ዝርያ፣ አንዳንዴም ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ይለያል። ከተለያየ ቦታ ከተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል በቀንድ አውጣ ላይ ብርቱ ሆኖ የተመረጠው «ዓይነት 44» የሚል መለያ ተሰጥቶታል። ሁሉም እንዶድ ነው፣ ኃይሉ ግን እኩል አይደለም።

እዚህ ላይ የጸና አቋም አለኝ። ስለ መድኃኒት ተክል የተጻፈ ጥናት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው ውጤቱን ሳይሆን ተክሉ ከየት እንደተቆረጠና ናሙናው የትኛው ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ)፣ በስንት ቁጥር እንደተቀመጠ ነው። «ከገበያ ተገዛ» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ወደ ጎን አደርገዋለሁ። አይጦቹ ላይ የታየው ውጤት ያማረ ቢሆንም፣ ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ተክል ፈልጎ ሊያገኘው ካልቻለ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ነው ናሙና በትክክል ማድረቅ ለእኔ የጎን ሥራ ያልሆነው። የላቦራቶሪው ሥራ ሁሉ የሚቆመው የደረቀው ናሙና በተለጠፈበት ወረቀት ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ማድረቁ።

እንዶድ ግንዱ ለስላሳ፣ ውሃ የሞላው ነው። ተቆርጦ በጋዜጣ መሃል ከተጫነ በኋላም ቶሎ አይሞትም። እዚያው ሆኖ መኖሩን ይቀጥልና ቅጠሉን ያራግፋል። ፍሬው ደግሞ ሲጫን ይፈርጣል፣ ጋዜጣውን ያረጥባል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይነሳል። በዚህ ላይ የእኛን አየር ጨምሩበት። በክረምት ጣርማ በር ላይ የሚተኛው ጉም ቤታችን ድረስ የሚገባ ይመስላል። የታጠበ ልብስ እንኳ በቅጡ አይደርቅም።

ጋዜጣውን በየቀኑ መቀየር ይረዳል፣ ለእንዶድ ግን አይበቃም። ፀሐይ ላይ ማስጣት ውጭ ውጭውን ያደርቅና መሃሉን ይተወዋል። እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ ምጣዱ ላይ በቀረው ሙቀት ማድረቅ የሚመክሩ አሉ። እርጥበቱ መውጫ ከሌለው ቅጠሉ ይቀቀላል፣ ይጠቁራል። ከሰል ግን በጭራሽ! በተዘጋ ቤት ውስጥ ለናሙና ብላችሁ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

ነገሩን የፈታልኝ አንድ ሐሳብ ነው፦ የሚያደርቀው ሙቀት ሳይሆን ነፋስ ነው። ሙቀት እርጥበቱን ከቅጠሉ ያስወጣዋል እንጂ ከመጫኛው ውስጥ ጠርጎ የሚያወጣው ነፋስ ነው።

መሣሪያው ርካሽ ነው። የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ማሸጊያ ካርቶን ፈልጉ፤ መሃሉ ቦይ ቦይ ያለውን ወፍራሙን። በጋዜጣው ልክ ቁረጡት፣ ግን ቦዮቹ በአጭሩ ወርድ እንዲሄዱ አድርጋችሁ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። አየሩ የሚሄድበት መንገድ ባጠረ ቁጥር እርጥበቱን ይዞ ቶሎ ይወጣል። አንድ ካርቶን፣ ናሙናው ያለበት ጋዜጣ፣ ሌላ ካርቶን፣ እንዲህ እየደረደራችሁ ላይና ታች ጣውላ አድርጉና በጠፍር ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ቦዮቹን የሚጨፈልቅ ያህል ግን አታጥብቁ። ከዚያ መጫኛውን አታስተኙት። በጎኑ አቁሙትና ቬንቲሌተር በቦዮቹ አፍ ትይዩ ክፈቱበት። በበጋ ቬንቲሌተርም አያስፈልግም፤ የደብረ ብርሃን የቀን ነፋስ ራሱ ይበቃል።

መድረቁን የማውቀው በጉንጬ ነው። ቅጠሉን ጉንጬ ላይ አስነካዋለሁ። ከቀዘቀዘኝ ውስጡ ገና እርጥበት አለ። ለጣት ደረቅ የመሰለ ስንት ቅጠል ጉንጭ ላይ ሲደርስ ይጋለጣል!

የቅጠሉን መርገፍ የከለከለልኝ ደግሞ የፈላ ውሃ ነው። ቅርንጫፉን ለጥቂት ሰኮንድ ነክሮ ማውጣት፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ ወዲያው መጫን። ሴሎቹ ስለሚሞቱ ቅጠል ማራገፉ ይቆማል። ፍሬውን ግን ሁሉንም አልጭንም። ጥቂቱን በምላጭ ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ፣ የቀረውን በትንሽ ፖስታ አድርጌ ከወረቀቱ ጋር አያይዘዋለሁ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። እንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው ገና ያልነቃ ነው። ፍሬው ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ፣ ፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም ከሞለኪውሉ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጥና ገዳይ ያደርገዋል። የፈላ ውሃ ኤንዛይሙን ያጠፋዋል። ስለዚህ የተነከረው ቅርንጫፍ ለመለያ ይሆናል እንጂ ለምርመራ አይሆንም። ለኬሚስት የሚሰጥ ካለ፣ ከዚያው ቁጥቋጦ ያልቀላ አረንጓዴ ፍሬ ለይታችሁ ጥላ ላይ አድርቁ፣ የናሙናውን ቁጥርም ጻፉበት። ሁለቱ አንድ ቁጥር ካልያዙ ድካሙ ከንቱ ነው።

ሌላም አለ። እንዶድ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ አበባ የሞላው ቁጥቋጦ አግኝቼ ስቆርጥ፣ ውሃ ይዘው የሚያልፉ እናት ቆም ብለው፣ «እሱ አያፈራም፣ ልጄ፤ የሚያፈራው ከወዲያ ነው» አሉኝ። «እማማ፣ ሁለቱንም ነው የምፈልገው» ብላቸው ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱና ሴቲቱን አሳዩኝ። ማንም ተክል የሚለይ መተግበሪያ ይህን አይነግራችሁም። ስለ መተግበሪያ ከተነሳ፣ የስልኩ ለደጋችን ተክሎች አይታመንም። ጦስኛችንን ሳሳየው የአውሮፓ ዘመዱን ስም ሰጠኝ። የእኛዎቹ ሁለት የጦስኝ ዝርያዎች እኮ ሌላ አገር የማይገኙ ናቸው! አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ ግዙና በአበባው ተማመኑ።

ሣሮችን ገና አልደፈርኳቸውም። ኢሚውኖሎጂውም ቢሆን የፀረ እንግዳ አካል ሠንጠረዥ ሲመጣ ደጋግሜ ሳላነብ አይገባኝም። በዚህ የሚበልጠኝ ሰው ብዙ ነው፤ ምክር የምሰጥበት አይደለም።

አሁን ያስቸገረኝ ጅባራ ነው። ግንዱ ወፍራምና ክፍት፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ፣ የአበባው ዘንግ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል 42 በ28 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ወረቀት ላይ እንዴት ይሰፋል? መንዝ ጓሳ ላይ ያለ ማኅበረሰቡ ፈቃድ ምንም አይቆረጥም፣ ይህም ተገቢ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቄ ከመሄዴ በፊት አዘጋጅቼ መሄድ እፈልጋለሁ። ዘንጉን በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ነው ወይስ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ቁራጭ ወስዳችሁ የምትጭኑት? ወተቱንስ ከጋዜጣው እንዳይጣበቅ ምን ታደርጉታላችሁ? የሞከራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።