የፋሽን ማስተርስ አለኝ፤ መስፋት ግን አልችልም

መጀመሪያ ይሄን ልገላግላችሁ። ፋሽን ተማርኩ ስል ሰው ሁሉ "በይ እንግዲህ ቀሚስ ትሰፊልኛለሽ" ይለኛል። መስፋት አልችልም። መሳልም አልችልም። የተማርኩት ፋሽን ቢዝነስ ማኔጅመንት ነው፤ ለንደን፣ አንድ ዓመት፣ ማስተርስ። ዓመቱን ሙሉ መርፌ አልነካሁም፣ ኤክሴል ላይ እንዳፈጠጥኩ ነው የከረምኩት።

የመጀመሪያ ዲግሪዬ አካውንቲንግ ነው። ከዚያ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ፋብሪካ መርቻንዳይዘር ሆኜ ሠራሁ። መርቻንዳይዘር ማለት በገዢውና በፋብሪካው መሀል የሚሯሯጥ ሰው ነው። ናሙና ላኪ፣ ዋጋ አስይ፣ ክር ዘገየ፣ የቁልፉ ቀለም ተሳሳተ፣ መርከቡ ሊያመልጠን ነው፤ ቀኑ እንዲህ ያልፋል። ገዢው ከውጭ ኢሜይል ይጽፋል፣ እኛ እሺ እንላለን። ለምን ይሄን ያህል ሸሚዝ አዘዘ፣ ለምን በዚህ ዋጋ፣ ለምን ባለፈው ወር ያጸደቀውን ቀለም ዛሬ ሰረዘው፣ አናውቅም። ከዚያ በ2014 ኅዳር ላይ ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ፓርኩን ለቆ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስልከው ዕድል፣ ተሰረዘች። የሚላክልን ትዕዛዝ ሲሳሳ እያየሁ፣ ያ ኢሜይል የሚጽፈው ሰውዬ ምን አስልቶ እንደሚወስን ማወቅ አለብኝ አልኩ። የመማር ሐሳቡ የመጣው ከዚህ ነው፤ ከልብስ ፍቅር አይደለም።

የሄድኩት በቺቭኒንግ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፣ በየትኛውም የትምህርት መስክ ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ለዲፕሎማትና ለኤንጂኦ ሰው ብቻ ይመስለዋል። የሚጠይቀው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ (ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው) እና ስትጨርሱ አገር ቤት ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት ለመቆየት መስማማት ነው። ሦስት ኮርስ መርጣችሁ ታስገባላችሁ። ማንቸስተር ሜትሮፖሊታንም፣ ዌስትሚኒስተርም፣ ሎንደን ኮሌጅ ኦፍ ፋሽንም (እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ስትራትፎርድ የተዛወረው) በዚህ ዘርፍ ማስተርስ አላቸው። እኔን የተቀበለኝ የሥዕል ፖርትፎሊዮ አልጠየቀኝም። ይሄን ያነሳሁት መሳል አልችልም ብለው ሳይሞክሩ የቀሩ ጓደኞች ስላሉኝ ነው።

ማመልከቻው ላይ አንድ ምክር ብቻ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ፋሽን እወዳለሁ" ብላችሁ አትጀምሩ። እባካችሁ። እኔ የጻፍኩት የአንድ ሸሚዝ ዋጋ ፋብሪካው በር ላይ ስንት እንደሆነ፣ ከዚያ ውስጥ ጨርቁ ምን ያህሉን እንደሚወስድ፣ አገር ውስጥ ጨርቅ በበቂ ስለማይመረት ከእስያ አስመጥተን ሰፍተን መልሰን እንደምንልክ፣ በዚህ መሀል የሚባክነው ጊዜ ደግሞ ትዕዛዝ እንደሚያሳጣን ነው። ቃለ መጠይቁ ላይም የጠየቁኝ ስለዚሁ ነበር።

ትምህርቱ ተጀመረ። ብርዱ፣ ብቸኝነቱ፣ የቡድን ሥራ ላይ ሁሉም እያወራ አንድ ሰው ብቻ የሚጽፍበት ነገር፣ ሁሉም እንደሚነግሯችሁ ነው፤ ያልፋል። እኔን የለወጠኝ የግዢ እቅድ የሚባለው ኮርስ ነው። መምህሯ በጀት ሰጠችን፣ የሴቶች ልብስ ገዢ ናችሁ አለችን። ሁሉም ወደ ቆንጆ ቆንጆ ፎቶ ሮጠ። እሷ ግን መጀመሪያ ያስጻፈችን ሒሳብ ነው፦ በወሩ ልሸጥ ያቀድኩት፣ ሲደመር በወሩ መጨረሻ መደርደሪያ ላይ እንዲኖረኝ የምፈልገው፣ ሲቀነስ አሁን ያለኝ፣ ሲቀነስ አዝዤው በመንገድ ላይ ያለው። የተረፈው ብር ብቻ ነው ለግዢ የተፈቀደው። ሒሳቡ ዜሮ ካለ፣ ጃኬቱ የቱንም ያህል ቢያምር አይገዛም። ለካ ያ ሐዋሳ ሆነን "ምን ነክቶት ነው የሰረዘው" የምንለው ሰውዬ ሒሳቡ ዜሮ ብሎበት ነበር።

ከዚያ ትርፍ። 60 ፓውንድ የሚሸጥ ቀሚስ እንውሰድ። 20 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ ስላለ ሲወጣ 50 ይቀራል። ቀሚሱ እንግሊዝ መጋዘን ሲደርስ 17.50 ፈጅቷል እንበል። 32.50 ተረፈ፣ 65 ከመቶ፤ ስታዩት ዘረፋ ይመስላል። ግን ሳይሸጥ ቀርቶ በግማሽ ዋጋ፣ በ30 ይውጣ። ታክሱ ሲወጣ 25። የተረፈው 7.50 ነው። ከዚያ ላይ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መልሰው የሚያመጡት ደንበኞች። የስዊድኑ የልብስ ሻጭ ኤች ኤንድ ኤም እ.ኤ.አ. በ2018 ያልተሸጠ ዕቃው 4.3 ቢሊዮን ዶላር መድረሱ ሲሰማ ለምን ያን ያህል ወሬ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የስፔኑ የልብስ ሻጭ የዛራ ብልጠትም ገባኝ፤ ከትዕዛዙ ብዙውን ክፍል ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት ቆርጦ አይጨርስም፣ ቅርብ አገር፣ ስፔንና ፖርቱጋል፣ ሞሮኮና ቱርክ እያሰፋ የተሸጠውን እያየ ይጨምራል። የሚሰፋበት ዋጋ ከሩቅ ምሥራቅ ይወደዳል፣ ግን ዕቃ አይበሰብስበትም። ይሄ ንግድ በመሠረቱ ያልተሸጠ ልብስን የመፍራት ንግድ ነው። እኛ እኮ ጨርሰነዋል፦ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ።

የመመረቂያ ጽሑፌንም በዚሁ ላይ አደረግኩት፤ ሽሮ ሜዳ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ የበዓል ገበያ። እናቴ እዚያ ሱቅ አላት፣ በሯ ክፍት ነበር። የሌሎቹን ግን ለማሳመን ቡና ብዙ ተጠጣ። ክፍል ውስጥ የተማርነው ሁሉ ባርኮድና የሽያጭ ሶፍትዌር እንዳለ ቆጥሮ ነው የሚነሳው። ሽሮ ሜዳ ያለው ደብተር ነው፣ እሱም ካለ። ስለዚህ ከዕንቁጣጣሽ እስከ ፋሲካ፣ በሠርግ ወራትና በጾም፣ ምን እንደተሸጠና ምን ተሰቅሎ እንደቀረ ከየባለሱቁ ደብተርና ትዝታ ለቅሜ ነው ሠንጠረዥ የሠራሁት።

እዚያ ያገኘሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ልብስ ባትነግዱም ይጠቅማችኋል። ለምሳሌ ድሩ፣ ማጉ፣ ጥለቱ፣ የሸማኔውና የሰፊው ዋጋ ተደምሮ 6,000 ብር የፈጀ ቀሚስ 9,000 ይሸጣል። ባለሱቁ "50 ከመቶ አተርፋለሁ" ይላል። ስለዚህ በዓሉ ሲያልፍ 30 ከመቶ ብቀንስ 20 ይቀረኛል ብሎ ያስባል። አይቀረውም። 9,000 ላይ 30 ከመቶ 2,700 ነው፤ ቀሚሱ በ6,300 ይሄዳል፣ በእጁ የሚቀረው 300 ብር። ጭማሪው የተሰላው ከወጪው ላይ ነው፣ ቅናሹ የሚሰላው ከመሸጫው ላይ። ለእናቴ ይሄን በካልኩሌተር ሳሳያት ዝም ብላ አየችኝና "ለዚህ ነው ለንደን ድረስ የሄድሽው?" አለችኝ። አዎ እማዬ፣ ለዚህ ነው።

ጽሑፉን ልጨርስ ስል ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ ከውጭ የሚመጣው ክርና ጌጥ ሁሉ ዋጋው ተናወጠ። ወጪ ያልኩት ቁጥር ሁሉ አረጀ። አማካሪዬ ቁጥሮቹን አትቀይሪ፣ የተሰበሰቡበትን ቀን ጻፊና ለውጡ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ክፍል አሳዪ አለኝ። ያ ክፍል ነው ከጽሑፉ ሁሉ የተወደደልኝ።

ከተማርኩት ውስጥ የእናቴ ሱቅ ላይ በቀጥታ የሠራው የጣሊያኑ የልብስ ኩባንያ የቤኔቶን ዘዴ ነው። ሹራቡን መጀመሪያ ሳይነከር ይሠሩትና የሚፈለገው ቀለም ሲታወቅ ነበር የሚነክሩት። እናቴ አሁን ነጩን ጨርቅ ቀድማ ታሸምናለች፣ በዝግታው ወራት፣ ሸማኔው ሥራ በማይበዛበት ጊዜ። ጥለቱን ለብቻው፣ ጥልፉንም እንደዚሁ፣ በዓሉ ሲቃረብ የዘንድሮው ቀለም የትኛው እንደሆነ ካየች በኋላ ታስለጥፋለች። አንዳንድ ደንበኛ ጥለቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ ካልተሸመነ አልወስድም ይላል፤ ለእነሱ በትዕዛዝ፣ ቀብድ ተቀብላ።

እኔ ተመልሼ አዲስ አበባ ነኝ። ሥራ ስፈልግ ፋብሪካዎቹ አሁንም የሚፈልጉት ኢሜይል የሚመልስ መርቻንዳይዘር ነው፣ ዲግሪውን ብዙም አይቆጥሩትም። ትንንሽ የአገር ውስጥ ብራንዶች ግን ወጪያቸውን የሚያሰላላቸው ሰው አጥተው ተቸግረዋል። ለጥቂቶቹ በየወሩ የግዢ እቅድና የወጪ ሠንጠረዥ እሠራለሁ። አንዷ ደንበኛዬ ሒሳቡ ዜሮ እያለ ሐር አይታ ገዝታ መጣች። "ግን እዪው እስኪ፣ አያምርም?" አለችኝ። ያምራል። የዚህን ወር የእኔን ክፍያ ከምን እንደምታወጣው እየተነጋገርን ነው።