የነጋሪት ጋዜጣን ፒዲኤፍ በዓይንም በጆሮም ማንበብ የቻልኩበት መንገድ

በሐዋሳ ከተማ በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የሬቲናዬ መካከለኛ ክፍል፣ ማኩላ የሚባለው፣ በሁለቱም ዓይኖቼ ተጎድቷል። ፒያሳን ብቻዬን አቋርጣለሁ፣ ባጃጅ ሲመጣ አያለሁ፤ ትኩር ብዬ ላነበው የፈለግሁት ፊደል ግን ልክ ትኩር ባልኩበት ቦታ ላይ ይጠፋብኛል።

ሥራዬ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ንባብ ነው፤ አዋጁም፣ መመሪያውም፣ የቅሬታ ደብዳቤውም የሚደርሰኝ በፒዲኤፍ ነው። አብራኝ የምትሠራ እህት «አምጣ፣ ላንብብልህ» ትለኝ ነበር፤ ደግነቷን አልረሳውም። ሆኖም የአንድ ሠራተኛ የዲሲፕሊን ክስ ወይም የሕክምና ማስረጃ ለእኔ ሲባል ጮክ ተብሎ መነበቡ በባለጉዳዩ ላይ የሚፈጸም በደል ሆኖ ስለተሰማኝ፣ በራሴ የማነብበትን መንገድ መፈለግ ጀመርኩ።

የጀመርኩት በማጉላት ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ከመደመር ምልክት ጋር ስንጫን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመጣው ማግኒፋየር ይከፈታል፤ እስከ 1600 በመቶ ድረስም ያጎላል። ኮንትሮል፣ አልት እና አይ አንድ ላይ ሲጫኑ ቀለሙ ይገለበጥና ነጩ ገጽ ይጠቁራል፤ ይህ ብቻውን የዓይኔን ድካም በእጅጉ ቀንሶልኛል። ይሁን እንጂ ማግኒፋየር የሚያጎላው ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ስለሆነ የፊደሉ ጠርዝ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ፒዲኤፍ በምንከፍትበት በአዶቤ ሪደር ውስጥ የራሱን የሰነዱን መጠን ስናሳድግ ግን ፊደሉ እንደ አዲስ ስለሚሳል ጥርት ብሎ ይታያል። ይህንን ልዩነት ሳላውቅ ብዙ ወራት በደበዘዘ ጽሑፍ ላይ አፍጥጫለሁ።

ማጉላት ብቻውን እንደማይበቃኝ የተረዳሁት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ስከፍት ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ፣ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ሆኖ ይታተማል። ስለ ዓመት ፈቃድ የሚናገረውን አንቀጽ 77 በ400 በመቶ አጉልቼ ስፈልግ ስክሪኑ ላይ የሚቀረው የጥቂት ቃላት ቁራጭ ብቻ ነበር። መስመሩን ጨርሼ ወደሚቀጥለው ልመለስ ስል መነሻውን አጣዋለሁ፤ አንዳንዴም ሳላውቀው እንግሊዝኛው ዓምድ ውስጥ እገኛለሁ። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት እንደሚሰጥ የሚገልጸውን አንድ ዓረፍተ ነገር አግኝቼ እስክጨርስ ራሴን ያመኝ ነበር።

በዚህ ጊዜ ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ጫንኩ። ፕሮግራሙ በ2006 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተጀመረ፣ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅም አማርኛ ያነባል። የመጀመሪያው ቀን ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር፤ አንድ መስመር አማርኛ፣ ቀጥሎ አንድ መስመር እንግሊዝኛ እያቀላቀለ ያነብልኝ ጀመር። ጥፋቱ የድምፁ አልነበረም። በአዶቤ ሪደር የንባብ ቅደም ተከተል ምርጫ ውስጥ «ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች» የሚለው ተመርጦ ስለነበር ፕሮግራሙ ዓምዶቹን እንደ አንድ ገጽ አቋርጦ ያነብ ነበር። ቅደም ተከተሉን ራሱ ከሰነዱ እንዲገምት የሚያዘውን ምርጫ ስወስድ አብዛኛው ገጽ ተስተካከለ።

ድምፁን መልመድም ጊዜ ወሰደብኝ። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ ማሽኑም የሚለይበት ነገር የለውም። «ይሰጣል» የሚለው ቃል ሲላላ ሰጪውን፣ ሲጠብቅ ደግሞ የሚሰጠውን ነገር ያመለክታል፤ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቃል ስሰማ ቆም ብዬ ዓረፍተ ነገሩን ከመነሻው መልሼ አዳምጣለሁ።

ሌላው ያስተማረኝ ነገር፣ ዓይኔ ድምፁን ተከትሎ እንዲያነብ ማስገደድ እንደሌለብኝ ነው። ኤንቪዲኤ ሲያነብ ማግኒፋየር አብሮት አይጓዝም፤ ሁለቱን ለማስኬድ ስታገል ሐሳቡ ያመልጠኝ ነበር። አሁን ሥራቸውን ለያይቻለሁ፤ ንባቡን ለጆሮዬ፣ ቁጥርን፣ ቀንን፣ ስምንና ሠንጠረዥን ማረጋገጥን ደግሞ ለዓይኔ ሰጥቻለሁ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የቆጠበልኝ ግን ከማጉላቴም ከማዳመጤም በፊት ፋይሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ማጣራት ነው። አንድ መስመር መርጬ እቀዳና ኖትፓድ ላይ እለጥፋለሁ። አማርኛው እንዳለ ከወጣ ጤነኛ ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ከወጣ፣ ሰነዱ የተጻፈው ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው በዩኒኮድ ሳይሆን በድሮው ዓይነት ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ለሚያይ ሰው ያማረ አማርኛ የሆነው ገጽ ለስክሪን ሪደር ትርጉም የለሽ ነው። እንዲህ ያለውን በአጉሊ ብቻ አነባለሁ፣ ወይም ወደ ዩኒኮድ እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ።

ምንም የሚመረጥ ጽሑፍ ከሌለ ደግሞ ገጹ ፎቶ ነው። ደብዳቤ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ስካን ስለሚደረግ ይህ ዓይነቱ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ጎግል ድራይቭ ላይ ጭኜ በጎግል ዶክስ ስከፍተው ፎቶውን ወደ ጽሑፍ ይቀይርልኛል፤ ምሥጢራዊ ከሆነ ግን ከኮምፒውተሬ ሳይወጣ አማርኛ በሚያውቀው፣ ቴሰራክት በተባለው ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ እቀይረዋለሁ። ውጤቱን እንዳለ አላምነውም። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በቀኝ እግሩ ላይ ባለችው ትንሽ ጭረት ቦታ ብቻ ነው፤ ስካኑ ከደበዘዘ ማሽኑ ያምታታቸዋል። ማኅተሙ ያረፈበት መስመር ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ቀኑና የኃላፊው ስም ያለበት፣ ተበላሽቶ ይወጣል። ያንን ቦታ ከዋናው ስካን ላይ አጉልቼ በዓይኔ አያለሁ።

ደብዳቤ ለሚልኩልን ሁሉ፣ ማኅተም ካለበት ስካን ጋር የዎርድ ፋይሉንም አያይዘው እንዲልኩ በትሕትና መጠየቅ ከጀመርኩ ቆይቷል። ምክንያቱን ስነግራቸው ብዙዎቹ በደስታ ይልካሉ። ባለፈው ወር የአንዲት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ጥያቄ በዚህ መልክ ደረሰኝ፤ በሩን ዘግቼ በጆሮ ማዳመጫዬ አነበብኩትና መልሱን በዚያው ቀን ጻፍኩላት።