ከአይብሮክስ እስከ አንፊልድ፦ አስቀድመው ያስጠነቀቁ ስታዲየሞች

የግላስጎው የምድር ባቡር ትንሽ ነው። መስመሩ ክብ ስለሆነ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሳፈሩ ዞሮ ዞሮ ያደርሳል። አይብሮክስ ጣቢያ ወርጄ ጥቂት እንደተራመድኩ የሬንጀርስ ስታዲየም ቀይ የጡብ ግንብ ብቅ አለ። ጨዋታ የሌለበት ቀን ነበርና ሰፈሩ ጭር ብሏል።

ወደ ብሪታንያ ስሄድ ኳስ ማየት ብቻ አልነበረም ሐሳቤ። በስታዲየም ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ያለቀባቸውን ቦታዎች ቆሜ ማየት ፈልጌ ነበር። እንዲህ ያለ አደጋ ሲነገር ብዙ ጊዜ «ደጋፊው ተረጋገጠ» ተብሎ ይታለፋል። የሰው ጎርፍ በራሱ ያበደ ይመስላል። እኔ ግን ሰዎቹ የሞቱት በእብደት ሳይሆን በደረጃ፣ በበርና በአጥር መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ደረጃውና በሩ የነበሩበትን ቦታ ማየት አማረኝ።

አይብሮክስ ጥግ ላይ የጆን ግሬግ ሐውልት ቆሟል። ግሬግ በ1971 የሬንጀርስ አምበል ነበር። (የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከሐውልቱ ሥር ባሉት ሰማያዊ ሰሌዳዎች ላይ የሟቾች ስም ተጽፏል። የሦስት አደጋ ሟቾች ናቸው። በ1902 ስኮትላንድና እንግሊዝ ሲጫወቱ ተመልካች የቆመበት የእንጨት መቆሚያ ተደርምሶ 25 ሰው ሞተ። በ1971 ደግሞ 66። እኔን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ግን መሀል ላይ ያለው 1961 ነው። ያኔ የሞቱት ሁለት ናቸው።

ጥር 2 ቀን 1971 ሬንጀርስና ሴልቲክ ተገናኝተው ነበር። ወደ 80,000 ሰው ገብቷል። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሴልቲክ አገባ፤ ወዲያው ሬንጀርስ አቻ አደረገ። ከዚያ ሰው በ13ኛው ደረጃ መውረድ ጀመረ። ለብዙ ዓመታት የተወራው፣ ቀድመው የወጡ ደጋፊዎች የጎሉን ጩኸት ሰምተው ሲመለሱ ከሚወርዱት ጋር ተላተሙ የሚል ነው። ምርመራው ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይወርዱ እንደነበር አሳይቷል። ፊት ያለ ሰው ወደቀ፤ ከኋላ ያለው መቆም አልቻለም። ደረጃው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ግራና ቀኙ በእንጨት አጥር የተዘጋ በመሆኑ ወደ ጎን ማምለጥ አይቻልም። በማግስቱ በተነሱት ፎቶዎች ላይ የደረጃው የብረት መደገፊያዎች ተጣምመው ይታያሉ። ያን ብረት ያጣመመው የሰው ክብደት ነው።

ከሞቱት መካከል ማርኪንች ከምትባል ትንሽ ከተማ አብረው የመጡ አምስት ልጆች ይገኙበታል።

እነዚያ የ1961 ሁለት ሟቾች የሞቱት እዚያው ደረጃ ላይ ነው። በ1967 እዚያው ደረጃ ላይ 8 ሰዎች ተጎዱ። በ1969 ደግሞ ከ20 በላይ። ደረጃው በ10 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቋል። በቂ መልስ ግን አላገኘም። ከ66ቱ ሞት በኋላ ነው ነገሩ ሁሉ የተለወጠው። የቡድኑ አሰልጣኝ የነበሩት ዊሊ ዋዴል የጀርመኑን የዶርትሙንድ ስታዲየም እንደ ምሳሌ ይዘው አይብሮክስን እንደ አዲስ ወደማሠራት ገቡ። መንግሥትም በ1975 የስፖርት ሜዳዎች ደኅንነት ሕግ አወጣ። ዛሬ ቦታው ላይ ያ ደረጃ የለም።

ከግላስጎው በባቡር ወደ ደቡብ ወረድኩ። ቦልተን ላይ ብዙ የሚታይ ነገር የለም። የከተማው ክለብ የድሮ ስታዲየም፣ በርንደን ፓርክ፣ ፈርሶ ሱፐርማርኬት ሆኗል። ሰው ጋሪ እየገፋ ይገባል፣ ይወጣል። መጋቢት 9 ቀን 1946 ግን እዚህ ቦልተን ከስቶክ ሲቲ ጋር በኤፍ ኤ ካፕ ተጫውቷል። ጦርነቱ ገና ማለቁ ነው፤ ሕዝቡ ኳስ ናፍቆታል። ወደ 85,000 ሰው እንደመጣ ይገመታል። አንዱ የስታዲየሙ ክፍል ገና የመንግሥት ዕቃ ማከማቻ ስለነበር በዚያ በኩል ያሉት መግቢያዎች ዝግ ነበሩ። ሕዝቡ ሁሉ በቀሩት በሮች ተግተለተለ። በሮቹ ከተዘጉ በኋላም አጥር እየዘለለ የሚገባው አልቆመም። ልጁን ይዞ መውጣት የፈለገ አንድ አባት የተቆለፈ በር ሲከፍት፣ በዚያው በር ሌላ ሰው ጎረፈ። ሁለት የብረት መደገፊያዎች ተሰበሩ፤ 33 ሰው ሞተ።

ከዚያስ? ጨዋታው ቀጠለ። አስከሬኖቹ ሜዳው ዳር ተሸፍነው፣ አዲስ መስመር በሰጋቱራ ተሰምሮ፣ ተጫዋቾቹ ዕረፍት ሳይወጡ ሜዳ ቀይረው 0 ለ 0 ጨረሱ። ታላቁ ስታንሊ ማቲውስ ለስቶክ ተሰልፎ ነበር። ይህን ሳስበው አሁንም ይከብደኛል። የወቅቱ መርማሪ የስታዲየም አቅም በሕግ ይወሰን ብለው ጻፉ። ሕጉ እስኪወጣ ግን ወደ 30 ዓመት ገደማ ፈጀ።

ሼፊልድ ላይ ቢጫውን የትራም መስመር ይዤ ሌፒንግስ ሌን ፌርማታ ወረድኩ። ሂልስቦሮ ስታዲየም በተራ መኖሪያ ቤቶች ተከቧል። በአንድ በኩል ወንዝ ያልፋል። እዚያ ቆሜ ዙሪያውን ስመለከት መጀመሪያ የገባኝ ነገር ጥበቱ ነው። መንገዱ ወደ መግቢያው ሲጠጋ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከኋላ ሰው ከመጣ ወደ ኋላ መመለሻ የለም።

ሚያዝያ 15 ቀን 1989 የኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ነበር፤ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት። በዚህ በኩል ለመቆሚያ ቦታ ቲኬት የያዙት የሊቨርፑል ደጋፊዎች 10,100 ናቸው። የተመደቡላቸው፣ ሰው አንድ በአንድ የሚያስገቡ የሚሽከረከሩ የብረት በሮች 7 ብቻ። ሒሳቡን እዚያው ቆሜ ሠራሁት። ዛሬ በሚሠራበት የእንግሊዝ መመሪያ አንድ የሚሽከረከር በር በሰዓት ከ660 ሰው በላይ ያስገባል ተብሎ አይታሰብም። 7 በር በሰዓት 4,620 ሰው ነው። ሁሉም ቢሰለፍ እንኳ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማንም ሳይገፋ፣ ማንም ሳይሰክር፣ ሒሳቡ ራሱ አይሠራም።

ጨዋታው ሊጀመር 8 ደቂቃ ሲቀረው ፖሊስ የውጭውን ጫና ለማቃለል አንድ ትልቅ የመውጫ በር አስከፈተ። ወደ 2,000 ሰው ገባ። ፊት ለፊታቸው ዋሻ የመሰለ ቁልቁል መተላለፊያ አለ፤ ከላዩ «መቆሚያ» የሚል ጽሑፍ። ሰው ሁሉ ወደሚታየው ነገር ነው የሚሄደው። ዋሻው የሚያወጣው በአጥር ወደተከፈሉት ሁለት የመሀል ክፍሎች ነው፤ እነሱ ደግሞ ሞልተዋል። ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎች ገና ቦታ ነበራቸው። አንድ ሰው ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ «ወደ ጎን ሂዱ» ቢል ኖሮ! ከዓመት በፊት፣ እነዚያው ሁለት ቡድኖች እዚሁ ሲጫወቱ፣ ዋሻው ተዘግቶ ሰው ወደ ጎን ተመርቶ ነበር። በ1987 ግማሽ ፍጻሜ ደግሞ ሰው ገና አልገባም ተብሎ ጨዋታው 15 ደቂቃ ዘግይቷል። በ1981 እዚሁ መቆሚያ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 38 ሰው ተጎድቷል። ማስጠንቀቂያውም መፍትሔውም በእጃቸው ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

እንዲህ ያለ ቦታ ሰው የሚሞተው ተረግጦ ብቻ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር አራት ሰው ቢቆም መንቀሳቀስ ይቻላል። ስድስት ሰባት ሲደርስ ግን ሰው የራሱን እግር አያዝም፤ ሕዝቡ እንደ ውሃ ይወዛወዛል። ደረት መስፋት ሲያቅተው ትንፋሽ ይቆማል። ብዙዎቹ እንደቆሙ ነው የሞቱት። ከኋላ ያለው ሰው ፊት ያለው እየሞተ መሆኑን አያውቅም።

ዳኛው በ6ኛው ደቂቃ ጨዋታውን አስቆሙ። ደጋፊዎች የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ነቅለው እንደ ቃሬዛ ተሸከሙባቸው። የሟቾች ቁጥር በጊዜ ብዛት 97 ደርሷል፤ የመጨረሻው ሰው ከ32 ዓመት ሥቃይ በኋላ በ2021 ነው ያረፉት።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ጥፋቱ በሟቾቹ ላይ ተላከከ። የፖሊስ አዛዡ ደጋፊዎች በሩን ሰብረው ገቡ አሉ። ዘ ሰን ጋዜጣ «እውነቱ» በሚል ርዕስ ደጋፊውን የሚያዋርድ ወሬ አወጣ። የሟቾቹ ደም ለአልኮል ተመረመረ፤ የ10 ዓመቱ ልጅ ሳይቀር። በ2012 አደጋውን ያጣራ ገለልተኛ ቡድን ሰነዶቹን ሲፈትሽ 164 የፖሊስ ምስክርነቶች ተቀይረው ተገኙ። በ2016 የአሟሟታቸውን ምክንያት የመረመረው ጁሪ (ከተራ ዜጎች የተውጣጣ ፈራጅ ቡድን) ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ ተገድለዋል፣ ደጋፊው ጥፋት የለበትም አለ። አዛዡ በ2019 ፍርድ ቤት ነጻ ወጡ። ቤተሰቦቹ 27 ዓመት የታገሉት ልጆቻቸው ወንጀለኛ እንዳልነበሩ ለማስረዳት ነው። በጣም ያናድደኛል።

ሊቨርፑል የደረስኩት የጨዋታ ቀን ነው። በክለቡ ስታዲየም በአንፊልድ፣ ከዋናው ትሪቡን ጎን ባለው መታሰቢያ የ97ቱ ስም ከነዕድሜያቸው ተጽፏል። 14፣ 15፣ 17፣ 18 እያልኩ ሳነብ ብዙዎቹ ልጆች መሆናቸውን ልብ አልኩ። አጠገቤ አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ልጁ ዘ ሰን ለምን በዚህ ከተማ እንደማይገዛ ሲጠይቅ እሳቸው ሳይቸኩሉ ሁሉንም ነገሩት።

በስታዲየሙ አሁን በየረድፉ ቆሞ የሚደገፉት የብረት ሐዲድ ያላቸው መቀመጫዎች ተገጥመዋል። ከ1989ኙ አደጋ በኋላ አደጋውን የመረመሩት የፍርድ ቤት ዳኛ የቴይለር ሪፖርት ትልልቅ ክለቦች መቆሚያ ቀርቶ ሁሉም ወንበር ይሁን ብሎ ነበር። ከ2022 ወዲህ ግን በእነዚህ ሐዲዶች ፈቃድ ያገኙ ክለቦች ደጋፊያቸውን በቋሚነት ያቆማሉ። አንድ ቲኬት፣ አንድ ቦታ፤ ፊትም ኋላም ብረት። ከሟች ቤተሰቦች መካከል የተቃወሙ አሉ፤ ስሜታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ገዳዩ መቆም ነበር ብዬ አላምንም። አጥሩ፣ ያልተቆጠረው ሰውና ያልተዘጋው ዋሻ ናቸው።

በር ላይ የነበረችውን አስተናባሪ፣ ሰው ከተከማቸ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ጠየቅኋት። ስንት ሰው እንደገባ በኮምፒውተር በየደቂቃው መቆጣጠሪያ ክፍል ይታያል፤ እዚያ ያሉት ጨዋታው እንዲዘገይ መጠየቅ ይችላሉ አለችኝ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ሆኖም በ2001 አክራ ላይ 126 ሰው፣ በ2022 ኢንዶኔዥያ ካንጁሩሃን ላይ 135 ሰው ሲሞት፣ ፖሊስ ወደ ተመልካች መሀል አስለቃሽ ጋዝ ተኩሶ ነበር፤ መውጫ ፍለጋ የሮጠው ሰው ያገኘው ደግሞ የተዘጋ ወይም የጠበበ በር ነው። የፊፋ የደኅንነት ደንብ በስታዲየም ውስጥ አስለቃሽ ጋዝ መያዝን ይከለክላል። ደንቡ የወጣው ከካንጁሩሃን በፊት ነው።